አህያው የፈተነው የአራዳ ቋንቋ

ሕልም የሌሊት ነው ይላሉ። የእኔ ግን ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊቴን ሜካፕ ተቀብቼ፣ የሰው ጃኬት ለብሼ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ መጣ። ዓለም ተገልብጣ፣ ላዩ ታች ታቹም ላይ ሆኖ አየሁ።

እንዴት እንደተኛሁ ካልነገርኳችሁ ሕልሙ አይገባችሁም። ዳምጠው እባላለሁ፤ ተዋናይ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቴአትር ቤት ነው። ንጉሥ ሆኜ ዙፋን ላይ ሞቻለሁ፣ ዳኛ ሆኜ ሰው አሰቅያለሁ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ደግሞ ጠንቋይ ሆኜ ተጨብጭቦልኛል። ዘንድሮ አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ «ሼባ አራዳ ሆነህ ሥራ» ተባልኩና ደስ አለኝ። እኔ የወፍጮ ሰፈር ልጅ ነኝ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው መሀሉ ላይ ከነበረው ወፍጮ ቤት ነው፤ እኛም የአራዳ ቋንቋ የለመድነው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት የነበረው ድንጋይ ላይ ተደርድረን ነው። ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ማን ሊገኝ ነው ብዬ ነበር።

ካሜራው ፊት ስቀርብ ግን ጉድ ሆንኩ። የምለው አንድ መስመር ብቻ ነው። «ጀለስ፣ ነገርዬው አይነፋም፤ ላሽ እንበል።» ወዳጄ፣ ነገሩ ደስ አይልም፣ ከዚህ እንሂድ ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ እሱኑ ስል አረፈድኩ። አዘጋጁ ኪሩቤል ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ስለሆነ ሰው ማስቀየም አይወድም።

«ጋሽ ዳምጠው፣ በጣም ቆንጆ ነው» አለኝ። «ግን አዋጅ የምታነብ ነው የሚመስለው።»

እውነቱን ነው። የቴአትር መምህራችን ቃላችን መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው፣ አርፍዶ መጥቶ በሩን ተደግፎ ለቆመውም ሰው መድረስ አለበት እያለ ነው ያሠለጠነን። ስለዚህ አፌን ልከፍት ስል አገጬ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሆዴ አየር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ፊደል ታጥቦና ተተኩሶ ይወጣል። በዚያ ድምፅ «ላሽ እንበል» ሲባል የሰማ ሰው ኮፍያውን ያወልቃል እንጂ አይሄድም። ኪሩቤል «ምሳ በልተን አንዴ እንሞክራለን» አለኝ። ካልሆነስ ብዬ አልጠየቅኩም። ያፌት የሚባለውን ወጣት ተዋናይ ጥግ ላይ አስቀምጠው ፀጉሩን ነጭ ሲቀቡት አይቼ ነበር።

ያቺን መስመር እንደሚገባት የሚላት ሰው አውቅ ነበር፤ አብሮ አደጌ ተካልኝ ነው። እሱ የአራዳ ቋንቋ ሲያወራ ቃሉን ግማሹን ይውጠዋል፣ ግማሹን በዓይኑ ይጨርሰዋል፣ አንተ ገና ሳይገባህ እሱ መሳቅ ይጀምራል። ሰፈራችን ሲፈርስ እኔ ከከተማው በአንዱ ዳር፣ እሱ በሌላው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ከዚያ በኋላ በስልክ ነበር የምንሰዳደበው። ባለፈው ክረምት ሞተ። ለቅሶው ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ የምንገናኘው እንግዲህ ለቅሶ ላይ ብቻ ሆኗል። ከእሱ ወዲህ የሚሰድበኝ ሰው የለም። ቃሉም ከአፌ የጠፋው ያኔ ይመስለኛል፤ በጣም ነው የናፈቀኝ።

ይህን እያሰብኩ ወንበሩ ላይ ጋደም አልኩ። ያፌት ምሳ ሲበላ ይታየኝ ነበር። ቀጥሎ መንገድ ላይ ራሴን አገኘሁት።

ታክሲዎች ተሰልፈው ቆመው ነበር። የተሰለፉት ተሳፋሪ እስኪመርጣቸው ነው። ሰዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው በሰልፉ ፊት እየተንጎራደዱ ጎማቸውን በእግራቸው ነካ ነካ ያደርጉና «አንተ አትሆንም» ብለው ያልፋሉ። ታክሲው አንገቱን ይደፋል። እኔ አንዱን አሮጌ ሰማያዊ መረጥኩ። ረዳቱ ከረባት አስሯል። በሩን ከፈተልኝና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበሩ ተሳፋሪ ሆይ፣ ወደ ወፍጮ ሰፈር የሚደረገው ጉዞ በአሁኑ ሰዓት የሚጀመር መሆኑን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።»

ውስጥ አንዲት እማሆይ መቋሚያቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሀል ይዘው ተቀምጠዋል። ገልመጥ አድርገው አዩኝ።

«አቦ ጠጋ በል እንጂ፣ ፋዘር! ወንበሩ የግልህ ነው እንዴ?»

ጠጋ አልኩ። «እማሆይ ይባርኩኝ» አልኩ።

«ይመችህ» አሉኝ።

ትንሽ እንደሄድን «ካት!» የሚል ድምፅ መጣና ታክሲው ቀጥ ብሎ ቆመ። መንገዱም ቆመ። ሊያስነጥስ የነበረ ሰውዬ አፍንጫውን እንደያዘ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ አንድ አህያ ትልልቅ ጆሮዎቹ ላይ ማዳመጫ ደርቦ፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ጸጉራም ማይክ አስሮ ቆሟል። ፊቱ ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮና አንድ ገዢ አሉ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነው።

«እንደገና ከጅምሩ» አለ አህያው፤ አማርኛው የተማረ ሰው አማርኛ ነው። «ገዢው ዋጋ ሲጠራልሽ አንቺ ‹ውይ› ትያለሽ።»

«ውይ!» አለች።

«አይደለም።»

«ውይይ!»

«በውይሽ ውስጥ እውነት የለም፣ እመቤቴ። ተፈጥሯዊነት ይጎድለዋል።»

ከጀርባዋ መዶሻ የያዙ አናጢዎች መጥተው የተቀመጠችበትን በርጩማ ከሥሯ ወሰዱት። ቀጥሎ ጥላዋን ነቀሉ።

«እማሆይ፣ ይህ ምን ዓይነት ሕግ ነው?» ስል ጠየቅኩ።

«ፋራ ነህ እንዴ? እዚህ ከተማ ራሱን አስመስሎ ያልተናገረ ሰው አይኖርም። ይፈርሳል።»

«ሰው ይፈርሳል?»

«ቤቱ ነዋ! ኧረ አንተስ የባሰብህ ነህ» አሉና በመቋሚያቸው የታክሲውን ጣሪያ መቱት። «ወራጅ አለ!»

የወረድነው አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ባለጉዳዮች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ኃላፊዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ፋይላቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው በሰልፍ ቆመዋል፤ ሰልፉ በበሩ ወጥቶ ደረጃውን ይወርዳል። እኔም ሳላስበው አንድ ጠረጴዛ ደርሶኝ ተቀመጥኩ። ፊቴ ያለው ኃላፊ ላብ በላብ ሆኗል።

«ፋዘር፣ በናትህ አሳልፈኝ። ከጠዋት ጀምሮ ተገትሬያለሁ።»

«ሲስተም የለም» አልኩት። «ነገ ተመለስ።»

ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ግን ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። በሕይወቴ የተባልኩትን ለአንድ ሰው መልሼ ማለት እንደዚያ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«አንድ ነገር ሹክ ልበልህና አሳልፈኝ። ወፍጮ ሰፈር ዛሬ ፈተና ላይ ነው። ተካልኝ የሚባል ሰውዬ ራሱን መምሰል አቅቶት ወድቋል። እሱ ከወደቀ ሰፈሩም ይነሣል። አናጢዎቹ ደርሰዋል፣ ነቄ በል!»

ሻዬን ትቼ ሮጥኩ። ኃላፊው ከኋላዬ «ፊርማዬስ?» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል።

መጀመሪያ የተሰማኝ የወፍጮው ድምፅ ነው። ያ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ድሮ ሲያቆም ነበር ከእንቅልፋችን የምንነቃው። ቀጥሎ ወፍጮውን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ሲግል የሚሸተው ሽታ ከበርበሬ ጋር መጣ። ሁሉም ነገር ነበረ። ከዘይት በርሜል የተሠራው የእነ ተካልኝ በር ነበረ፣ ዘወትር ሊወድቅ የሚመስለው ምሰሶ ነበረ፣ ድንጋያችንም ነበረ፤ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰው ጎኑ ሳይቀር። ዞር ብዬ ሳይ ግን ቤቶቹ ከጀርባቸው በእንጨት የተደገፉ ናቸው። አናጢዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው ይጠብቃሉ።

የተካልኝ እናት እትዬ አሰገደች በሩ ላይ ቆመው ነበር። እትዬ አሰገደች እኛ ድንጋዩ ላይ ስናወራ ሲሰሙ ያማትቡ የነበሩ ሴት ናቸው። «አፋችሁን ተጉመጥመጡ!» ይሉናል፤ አንዳንዴም በእውነት ውኃ ይዘው ይወጡ ነበር። አሁን ሲያዩኝ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ።

«ዳሜ! ከች አልክ? ኧረ ሼባ ሆነሃል አቦ! ይሄ ሁሉ ሽበት ምን ተፈጥሮ ነው?»

የሰፈሩ ዱርዬዎች ደግሞ ተሰልፈው ጎንበስ አሉልኝ። «እንኳን በደኅና መጡ፣ ጌታዬ። የቤተሰብዎ ጤንነት እንደምን ነው?» አሉኝ። እነዚህ ልጆች ድሮ ሳይሰድቡኝ ስሜን ጠርተው አያውቁም።

ተካልኝ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ሱሪውን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጣት እያወዛወዘ፣ ልክ እንደ ድሮው። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ለብቻው ይስቃል። አጠገቡ አንድ መልከ መልካም ወጣት ኮፍያውን አዙሮ፣ የክብሪት እንጨት እያላመጠ ጉልበቱን እየሰበቀ ይራመዳል።

«ጀለስ! ፍሬንድ! ነቄ! ጨላ! ይመችህ! ላሽ!» አለ ወጣቱ በአንድ ትንፋሽ።

አህያው እዚያ ነበረ። ጆሮዎቹ በደስታ ቆሙ። «ድንቅ! ይህ ነው ተካልኝ! ያኛው ሰውዬ ግን» አለ የእኔን ተካልኝ በአፍንጫው እያሳየ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሎ ይስቃል። የአራዳ ቋንቋ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«ተካልኝ ያ ነው!» አልኩ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«አብሮ አደጉ ነኝ።»

«ማስረጃ ይዘዋል?»

«አፌን ይዣለሁ።»

አህያው ማዳመጫውን አስተካከለ። «እንግዲያው ያናግሩት። ንግግራችሁ ተፈጥሯዊ ከሆነ ሰፈሩ ባለበት ይቆማል። ካልሆነ…» አለና አንዱን ጆሮውን ወደ አናጢዎቹ አዞረ። «አክሽን!»

ወደ ድንጋዩ ተጠጋሁ። ብዙ ልለው የፈለግኩት ነገር ነበረ። አፌን ልከፍት ስል አገጬ ተነሣ፤ ሆዴ አየር ሞላ።

«ጀለስ ሆይ! ነገርዬው፣ አይነፋም! ላሽ፣ እንበል!»

ድምፄ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ ተመለሰ። አጥሩ ላይ የነበሩ ዶሮዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ።

«ካት! ለቴአትር ቤት ጥሩ ነው» አለ አህያው።

አናጢዎቹ ተነሥተው የእነ ተካልኝን በር ነቀሉ። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንማ ጭራሽ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ምሰሶውን ወሰዱት። ወጣቱ አዘነልኝ መሰለኝ የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ አቀበለኝ። ይዤው ሞከርኩ። የወፍጮው ድምፅ ቆመ፤ ሽታውም ተከትሎ ሄደ። ይህን ሰፈር አንድ ጊዜ ዓይኔ እያየ አፍርሰውታል። ያን ጊዜ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን የሚፈርሰው በእኔ አፍ ነው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ተካልኝ ነጠላ ጫማውን ማወዛወዙን አቆመ። ዓይኑን ሳያነሣ ጠራኝ።

«ዳሜ።»

«አቤት።»

«ዜናውን ጨርሰህ ከሆነ ስፖርቱን ንገረና።»

ሰፈሩ በሳቅ አበደ። እኔ ደም ፍላት ያዘኝ። በሰፈራችን ሕግ ሲቀልዱበት የተቆጣ ሰው ተሸናፊ ነው፤ «ዱቄት ሆነ» ይባላል፤ ከወፍጮ ቤት ፊቱ ነጭ ሆኖ የወጣ ሰው ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ዱቄት ያደረገኝ ተካልኝ ነው። አሁን ግን እጅ አልሰጥም አልኩ።

«ባክህ ወፍጮ አታስነሣ» አልኩት። በእኛ ቋንቋ አትለፍልፍ ማለት ነው።

«እኔ? ዶሮ ያስበረገግከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ወፍጮን እንኳ አንተ ታውቃታለህ። የተፈጨ ሽሮ ሦስቴ ያስፈጨህ ሰውዬ!»

ይህ እውነት ነው። የባለወፍጮውን ልጅ ሙሉነሽን ወዶ ነበር። እሷን ለማየት ሰበብ ሲያጣ የእናቱን የተፈጨ ሽሮ እየሰረቀ መልሶ ያስፈጭ ነበር። ሽሮው በመጨረሻ ክዳኑ ሲከፈት በራሱ ጊዜ የሚነሣ ብናኝ ሆነ።

«አንተ ነህ እንዴ!» ብለው ጮኹ እትዬ አሰገደች። «በጾም ያንን ሁሉ ጊዜ ንፋስ ያበላኸኝ!»

«እማ፣ እሱን ተይውና የሱን ጫማ…»

«ጫማውን አታንሣ» አልኩት።

«አነሣለሁ! የአባቱን ጫማ በጋዜጣ ጠቅጥቆ ሰርግ የገባ ማነው? እስክስታ ላይ እግሩን ወርወር ሲያደርግ ጫማው በርሮ ሙሽራዋ ጭን…»

«ጭኗ ላይ አይደለም!»

«የት ነው ታዲያ?»

«ድፎ ዳቦው ላይ ነው!»

«ዱቄት!» ብለው ጮኹ ዱርዬዎቹ፤ ጌታዬ ማለታቸውን ረስተውታል። «ዳሜ ዱቄት ሆነ!»

ሳቅኩ። እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅኩት። ተካልኝም ሆዱን ይዞ ድንጋዩ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ሁሉ አልነግራችሁም፤ ግማሹ ስድብ ነው፣ ግማሹም እኛ ካልሆንን ለማንም አይገባም። አንዳችንም አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨረስንም። እሱ ይጀምራል፣ እኔ እነጥቀዋለሁ፤ ቃሉን ጥለን በቅንድብ እንቀጥላለን። አገጬ የት እንዳለ ማሰብ ትቼ ነበር። አፌ ውስጥ ከስንት ዘመን በኋላ የገዛ ምላሴ የተመለሰ መሰለኝ።

በዚህ መሀል ያ ወጣት ጨዋታው ሞቅ ብሎት ሰብሰብ ብሎ ተጠጋን። «ይመችህ ጀለስ ነቄ ፍሬንድ!» አለን። ተካልኝ በዓይኑ ጫፍ አሳየኝ። እኔም ከንፈሬን ብዙም ሳላንቀሳቅስ፣ ሳቄን እየዋጥኩ አልኩት፤

«ጀለስ፣ ነገርዬው አይነፋም፤ ላሽ እንበል።»

ከወጣ በኋላ ነው ያልኩትን ያወቅኩት። ከጠዋት ጀምሮ የታገልኳት መስመር ነች።

አህያው ማዳመጫውን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማንኛውም አህያ አናፋ። አናጢዎቹ ሚስማራቸውን ከአፋቸው አውጥተው የእነ ተካልኝን በር ቦታው ላይ መግጠም ጀመሩ። ምሰሶው ተመልሶ ቆመ፤ ተመልሶም ተንጋደደ። የወፍጮው ሞተር ሁለቴ ተንደቅድቆ ተነሣ። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በወጉ ተከናነቡና አማተቡ።

«ልጆቼ፣ ምን ዓይነት ንግግር ነው ይሄ? በሉ አፋችሁን ተጉመጥመጡ!»

ተካልኝ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ፤ ሞቃት ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናም ድንገት ትዝ አለኝ።

«ተኬ» አልኩት። «አንተ ግን ሞተህ አልነበረም እንዴ?»

ቀና ብሎ አየኝ። የከንፈሩ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ከፍ አለ። ይህን ፊት አውቀዋለሁ፤ ትልቁ ስድብ ሊመጣ ሲል የሚያሳየው ፊት ነው። ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወደ እኔ ዞረ፤ አፉን ከፈተ።

«ካት!»

ዓይኔን ስገልጥ ጸጉራሙ ማይክ ከአፍንጫዬ በላይ ተንጠልጥሏል። ጅራት ግን አልነበረም፤ የያዘው የድምፅ ሠራተኛው ነው። ለቀረጻ በተከራየነው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወንበሬን ከቦ ቆሟል። ካሜራውም ፊቴ መጥቷል። ኪሩቤል እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ይስቃል።

«ጋሽ ዳምጠው! ይሄ ነው! ይሄንን ነው ስለምንህ የዋልኩት!»

በእንቅልፌ አውርቼ ነበር። መጀመሪያ የሰማኝ ያፌት ነው፤ ሮጦ ጠራቸው። ካሜራውን በእግር ጣታቸው እየተራመዱ አምጥተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቀዱኝ።

«መስመሯንም ብለሃታል፤ ያውም እንዴት አድርገህ!» አለ ኪሩቤል። «የሚገርመው የሁለት ሰው ድምፅ ነው የምታወጣው። አንደኛው ያንተ ነው። ያኛው የማን ነው?»

«የጓደኛዬ» አልኩት።

«በቃ ሚናው ያንተ ነው።»

ያፌት ነጭ የተቀባ ፀጉሩን እየነካካ ፈገግ አለልኝ፤ የከፋው አይመስልም። ኪሩቤል ግን አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ይቁነጠነጣል።

«ምንድነው?» አልኩት።

«ናቹራል ነው። ናቹራልነቱ ላይ ምንም የምለው የለኝም። ችግሩ… ግማሹ አልገባንም።»

«እኔ ሁሉም አልገባኝም» አለ ያፌት። «የድሮ ነው አይደል?»

«ችግር የለውም» አለ ኪሩቤል። «ከሥሩ በአማርኛ እንጽፍበታለን።»

«አማርኛ እኮ ነው ያወራሁት።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ያፌት በርጩማውን አስጠግቶ ተቀመጠ። ስለ ሽሮ ያወራሁት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደዚያ እንደሳቅኩ ጠየቀኝ፤ ልጁ ከልቡ ማወቅ ፈልጓል። ነገርኩት። ስለ ሙሉነሽ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ እትዬ አሰገደች ሽሮ በሥርዓቱ አስረዳሁ። እየተናገርኩ አገጬ መነሣቱ ተሰማኝ። ሁሉም በአክብሮት አዳመጡኝ። የሳቀ ግን አልነበረም።

«አንድ ነገር ቀርቶናል» አለ ኪሩቤል ቀረጻውን መልሶ እያየ። «መጨረሻ ላይ ጥያቄ ጠይቀኸዋል። ‹ሞተህ አልነበረም እንዴ?› ብለሃል። ምን ብሎ መለሰልህ?»

«አልመለሰም። ካት አልክ።»

ኪሩቤል ምላሱን ነከሰ። «ውይ! ያለቀ መስሎኝ እኮ ነው።» ትንሽ አሰበና ዓይኑ በራ። «በቃ ከዚያው እንቀጥላለን። ጋሽ ዳምጠው፣ እባክህ እንደገና ተኛልን።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ግን መጋረጃውን ዘጉ። ዘበኛው ውሻውን ከግቢ አስወጣ። አንዷ ልጅ ጋቢ አምጥታ ደረቴ ላይ አለበሰችኝ፣ የአንገቴንም ላብ ጠረገችልኝ። ማይኩ ከአፍንጫዬ በላይ ተመልሶ መጣ። ያን ሁሉ ሰው አጠገቤ አቁሜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሚናውን ብዬ አይደለም። ተካልኝ አፉን እንደከፈተ ነው የተውኩት።

«ጸጥታ» አለ ኪሩቤል በሹክሹክታ። «አክሽን።»

እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።